ለአንዱ ሸክም፣ ለ11ዱ ጌጥ፦ የኒልስ ሊድሆልም እግር ኳስ

ጁን 29 ቀን 1958 እ.ኤ.አ.። ስቶክሆልም ጥግ፣ ሶልና፣ ሮሱንዳ ስታዲየም። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ከተጀመረ ገና 4 ደቂቃ ነው። የስዊድን አምበል ኒልስ ሊድሆልም ቅጣት ክልሉ አካባቢ ኳስ ተቀበለ፤ አንድ ተከላካይ አታለለ፣ ሁለተኛውንም ደገመው፣ ከዚያ ዝቅ አድርጎ ወደ ጥግ ላካት። ስዊድን 1፣ ብራዚል 0። በዚያ ውድድር ብራዚል ከኋላ ሆና ስትጫወት የመጀመሪያዋ ነበር።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ዲዲ ኳሷን ይዞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ዝግ ብሎ ወደ መሃል ሜዳ ተመለሰ። ቫቫ ሁለት አገባ፣ ፔሌ ሁለት፣ ዛጋሎ አንድ። 5 ለ 2። ዓለም የ17 ዓመቱን ልጅ ይዞ ሄደ፤ የ35 ዓመቱን አምበል እዚያው ሜዳ ላይ ጥሎት። በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጎል ካስቆጠሩት ሁሉ በዕድሜ ትንሹም ትልቁም የተገኙት በዚሁ በአንድ ጨዋታ ነው። ሁለቱም ክብረ ወሰን እስካሁን አልተነካም። በ2022 ኳታር ላይ ሜሲ በ35 ዓመቱ ሁለት ሲያገባ እንኳ በሊድሆልም ዕድሜ ለመድረስ 3 ወር ገደማ ይቀረው ነበር።

የሊድሆልም ስም ሲነሳ ብዙ ጊዜ ወሬው በዚህች ጎል ይጀምርና በዚህችው ያልቃል። ወይ ደግሞ ጣሊያኖች ባወጡለት ቅጽል ስም፣ «ባሮኑ»፦ ረጅም፣ ጨዋ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሲሸነፍም ፊቱ የማይጠቁር። ደስ የሚል ምስል ነው፤ ግን ሰውየውን ያሳንሰዋል። «ጨዋ ተሸናፊ» ስንለው ስራውን ከመመርመር ራሳችንን ነፃ እያወጣን ነው። ስራው ደግሞ ሊመረመር የሚገባው ነው። እንደ ተጫዋችና እንደ አሰልጣኝ ከ40 ዓመት በላይ ይዞት የዞረው አንድ ሃሳብ ነበረ፤ ያ ሃሳብ ዛሬ ማታ የምታዩት ጨዋታ ውስጥ አለ። ሃሳቡ ያስከፈለው ዋጋም አለ፤ እሱንም መደበቅ የለብንም።

ከሜዳ በፊት ስለ ጠፋው ጊዜ

ሊድሆልም የተወለደው በ1922 ቫልዴማርሽቪክ በምትባል ትንሽ የስዊድን ከተማ ነው። ለስሌይፕነር ተጫወተ፣ ከዚያ ወደ ኖርሾፒንግ ተዛወረ፣ በሃንጋሪያዊው አሰልጣኝ ላዮሽ ሲዝለር ስር ሁለት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆነ። በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ ስዊድን ዌምብሌይ ላይ ዩጎዝላቪያን 3 ለ 1 አሸንፋ ወርቅ ስትወስድ በፊት መስመሩ ላይ ከጉናር ግሬንና ከጉናር ኖርዳል ጋር ነበር። በ1949 ሶስቱም ሚላን ገቡ። ጣሊያን የሶስቱን ስም ቆራርጣ «ግሬኖሊ» ብላ አንድ ስም ሰራችላቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሁፎች ወደ ዋንጫው ይሮጣሉ። ቆም ማለት የሚገባን ግን እዚህ ነው። የስዊድን ፌዴሬሽን በዚያን ጊዜ አማተርነትን እንደ ሃይማኖት የያዘ ነበር፤ ለእግር ኳስ ደመወዝ የተቀበለ ሰው ብሔራዊ ቡድን አይጠራም። ስለዚህ በ1950 ብራዚል ላይ ስዊድን በዓለም ዋንጫው ሶስተኛ ስትወጣ ሊድሆልም አልነበረም፣ ኖርዳልም አልነበረም፣ ግሬንም አልነበረም። በ1954 ስዊድን ጭራሽ ማጣሪያውን አላለፈችም። ደንቡ የላላው ስዊድን ራሷ የ1958ን ውድድር ስታዘጋጅ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ አንድ አማካይ ከ27 እስከ 35 ዓመቱ ያለው ምርጥ ጊዜው በሙሉ ለአገሩ ሳይጫወት አለፈ። ከዚያ በኋላ ጠርተውት አምበል አደረጉት፣ ፍጻሜ ድረስ ወሰዳቸው።

ይህን የማነሳው ለማዘን አይደለም። ስለ ተጫዋች ስናወራ የምንቆጥረው ነገር ሁሌም ከተጫዋቹ እጅ የወጣ አለመሆኑን ለማስታወስ ነው። ስንት ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ፣ ስንት ዓለም ዋንጫ አየ እያልን በቁጥር የምንጨቃጨቅ ትውልድ ነን። የሊድሆልም ቁጥር ትንሽ የሆነው እሱ ስላነሰ አይደለም፤ አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ንጽህናን ከጨዋታ ስላስበለጡ ነው።

ወደ ኋላ እየሄደ ያደገ ተጫዋች

ግሬን በ1953 ሚላንን ለቀቀ፣ ኖርዳል በ1956 ሄደ። ሊድሆልም እስከ 1961 ቆየ። በሴሪ ኣ 359 ጨዋታ፣ 81 ጎል፣ 4 ስኩዴቶ። ከነዚህ ቁጥሮች ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፦ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር በሜዳው ላይ ወደ ኋላ መሄዱ። አጥቂ ሆኖ መጣ፣ አማካይ ሆነ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከተከላካዮች መሃል ሆኖ ጨዋታ ይጀምር ነበር። ፍጥነቱ ሲቀንስ እይታው ሰፋ።

ስለ ቅብብሉ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። ለረጅም ጊዜ አንድም ኳስ ሳይሳሳት ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሳን ሲሮ ላይ ኳስ ሲሳሳት ህዝቡ በመገረም ተነስቶ አጨበጨበለት ይባላል። ራሱን ሊድሆልምን ጨምሮ ይህን ታሪክ ያወሩ ሁሉ ትንሽ ፈገግ እያሉ ነው ያወሩት። እውነት መሆኑ አያሳስበኝም። ተረቱ የተመረጠበት ምክንያት ግን ይናገራል፤ ስለ ሌላ ኮከብ የሚወራው ያስቆጠረው ጎል ነው፣ ስለ እሱ የሚወራው ያላጠፋው ኳስ ነው።

ከዚህ ውስጥ ነው የአሰልጣኙ ሃሳብ የወጣው። ኳስ ካልጠፋች መሮጥ አያስፈልግም። መሮጥ ካላስፈለገ ሽማግሌውም ዝግተኛውም ቦታ አለው። ቦታ ካለው ደግሞ ቡድኑ ልምድን አይጥልም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለውን ነገር እሱ በኳስ ተናገረው።

መቀርቀሪያውን የከፈተ ሰው

ያኔ የነበረችው ጣሊያን ሌላ ነገር ታምን ነበር። «ካቴናቾ» ማለት የበር መቀርቀሪያ ማለት ነው። እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ ሰው ይሰጠዋል፤ ያ ሰውዬ ሽንት ቤት ቢሄድ እንኳ ተከትሎት ይሄዳል። ከሁሉም ኋላ ሊቤሮ የሚባለው ነፃ ተከላካይ የተረፈውን ይጠርጋል። የኤሌኒዮ ኤሬራ ኢንተር በዚህ መንገድ አውሮፓን ገዛ። ወጣቱ አሰልጣኝ ሊድሆልምም ቅምሻው ደርሶታል፦ በ1964–65 ሚላኑ ለረጅም ጊዜ ሲመራ ቆይቶ በመጨረሻ ስኩዴቶውን ለኢንተር አስረክቦ ሁለተኛ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ወደ ታች ወርዶ ስራ ተማረ። ቬሮናን በ1968፣ ቫሬዜን በ1970 ወደ ሴሪ ኣ አሳደገ። ፊዮሬንቲና ነበር፣ ከዚያ በ1973 ሮማ ገባ። ቀስ በቀስ የያዘው ሃሳብ «ዞና» ነው፦ ሰው መያዝ ትቶ ቦታ መያዝ። በጣሊያን ይህን የሞከረው እሱ ብቻ አልነበረም፤ ብራዚላዊው ሉዊስ ቪኒሲዮ በናፖሊ ሞክሮት በ1974–75 ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። ሃሳቡን ግን ስኩዴቶ ድረስ ያደረሰው ሊድሆልም ነው።

ልዩነቱ እንዴት እንደሚሰራ እንይ። ሰው በሰው ስትይዙ፣ አጥቂው ግራ ከሄደ እናንተም ግራ ናችሁ። ቅርጻችሁን የሚወስነው ተጋጣሚያችሁ ነው። ጎል ሲቆጠር ጥፋተኛው ወዲያው ይታወቃል፦ «ያንተ ሰው ነበር!» በዞና ግን የምትጠብቁት ከእናንተ እስከ ጓደኛችሁ ያለውን መሬት ነው። አጥቂው ከእናንተ ክልል ሲወጣ ለጓደኛችሁ ታስረክባላችሁ፤ ኳሷ ወዳለችበት ሁላችሁም አብራችሁ ትጠጋላችሁ። ኳሷን ስታገኙ ደግሞ ሁሉም በቦታው ስላለ ቅብብሉ ወዲያው ይጀምራል። ጉዳቱ ጎል ሲቆጠር ነው፦ ማን እንዳጠፋ አይታወቅም። ዞናን የጠሉ ሰዎች በዋናነት የጠሉት ይህን ይመስለኛል፤ የሚወቀስ ሰው ማጣትን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ዞና ማለት ይኸው ነው። አንድን ፈጣን አጥቂ 90 ደቂቃ መያዝ ለአንድ ተከላካይ ሸክም ነው፤ ለ11 ሰው ግን የአቋቋም ጉዳይ ብቻ ይሆናል። የሊድሆልም እግር ኳስ ከውበቱ ይልቅ የሚማርከኝ በዚህ ነው፦ ኃላፊነትን ስለማካፈል የሚናገረው አለው።

ሮም፣ 1983

በመጀመሪያ ግን ሚላን። በ1977 ተመልሶ በ1979 ሚላንን ሻምፒዮን አደረገ፤ 10ኛው ስኩዴቶ፣ ማሊያ ላይ ኮከብ የሚያስጠልፈው። በዚያው ክረምት ወደ ሮማ ተመለሰ።

ሮማ ስኩዴቶ የወሰደው በ1942 አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሊድሆልም በ1980ና በ1981 የጣሊያን ዋንጫን አሸነፈ። በ1981 ስኩዴቶውንም ሊወስድ ደርሶ ነበር፤ ቱሪን ላይ ከጁቬንቱስ ጋር በተደረገው ጨዋታ ቱሮኔ ያገባት ጎል ከጨዋታ ውጪ ተብላ ተሻረች። ሮማዎች ስለዚያች ጎል እስከዛሬ ይከራከራሉ።

በ1982–83 ግን ተሳካ። ብራዚላዊው ፋልካኦ መሃል ላይ፣ ብሩኖ ኮንቲ በመስመር፣ ፕሩዞ ፊት፣ ወጣቱ ካርሎ አንቼሎቲ አጠገባቸው። ዋናው ብልሃት ግን አምበሉ አጎስቲኖ ዲ ባርቶሎሜይ ነበር። ዲ ባርቶሎሜይ ድንቅ ኳስ የሚያቀብል፣ ከሩቅ አጥብቆ የሚመታ፣ ግን ቀርፋፋ አማካይ ነው። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጠው ነበር። ሊድሆልም ወደ ኋላ ወስዶ መሃል ተከላካይ አደረገው፤ አጠገቡ ፈጣኑን ቪየርኮዎድን አቆመ። አንዱ ያስባል፣ ሌላው ይሮጣል። ሊድሆልም በሚላን የመጨረሻ ዓመታት ራሱ የሄደበትን መንገድ ለአምበሉ ሰጠው ማለት ነው።

ተቀናቃኙ ጁቬንቱስ ቀልድ አልነበረም፤ በ1982 ዓለም ዋንጫ ያነሱ ስድስት ጣሊያናውያን፣ በላያቸው ፕላቲኒና ቦኒዬክ። በዚያ ዓመት ጁቬንቱስ ሮማን ሁለት ጊዜ አሸነፈው፣ በሜዳውም ከሜዳው ውጪም። ስኩዴቶውን ግን ሮማ ወሰደ፣ በ4 ነጥብ በልጦ። ሁለቱን ትልልቅ ጨዋታዎች ተሸንፎ ዓመቱን ማሸነፍ! ሊድሆልምን በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹት ብትሉኝ ይህን እሰጣችኋለሁ።

እሱ ላይ ያለኝ ጥያቄ

ግን ይኸው ዓረፍተ ነገር ሲገለበጥ ክስ ይሆናል። የዓመቱን ረጅም መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ የአንድ ምሽት ጨዋታ ላይ ምን ነካው?

ሶስት ፍጻሜዎችን አስቀምጡ። ሜይ 28 ቀን 1958፣ ብራሰልስ፦ ሊድሆልም አምበል የሆነበት ሚላን ሪያል ማድሪድን ሁለት ጊዜ መርቶ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸነፈ። ከ32 ቀን በኋላ ሮሱንዳ፦ ቀድሞ አግብቶ 5 ለ 2 ተሸነፈ። ሜይ 30 ቀን 1984፣ ሮም ኦሊምፒኮ፣ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በሮማ በገዛ ሜዳው ከሊቨርፑል ጋር፦ ኒል አገባ፣ ፕሩዞ በጭንቅላቱ አቻ አደረገ፣ 1 ለ 1፣ የመለያ ምት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለእሱ አልቆጥርም፤ አንዱ ዲ ስቴፋኖ ነው፣ አንዱ ፔሌ። ሶስተኛው ግን የአሰልጣኙ ነው። ሮማ በዚያ ምሽት የራሱን ጨዋታ ተጫወተ፦ ኳስ ይዞ፣ ጠብቆ፣ እያሽከረከረ። የጣሊያን ጸሐፊዎች የሊድሆልምን ቅብብል «የሸረሪት ድር» ይሉት ነበር። ችግሩ ሊቨርፑልም ኳስ መያዝና መጠበቅ ያውቃል፤ እንዲያውም በአውሮፓ ለዓመታት ያሸነፈው በዚሁ ነው። ድር የሚይዘው የሚቸኩለውን ዝንብ ነው። የማይቸኩል ሲመጣ ሊድሆልም ሌላ መሳሪያ አልነበረውም። አንቼሎቲ በጉልበት ጉዳት የለም፣ ቪየርኮዎድ ወደ ሳምፕዶሪያ ተመልሷል፤ እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ሆኖም ጨዋታ መቀየር ሲያስፈልግ ፍጥነት ከየት ይምጣ የሚለውን ጥያቄ ቡድኑ በዓመታት ውስጥ አልመለሰውም ነበር።

ከዚያ የመለያ ምቱ መጣ። እዚህ ጋ የሃሳቡ ወሰን ወለል ብሎ ታየ። ዞና ኃላፊነትን ያካፍላል፤ ፍጹም ቅጣት ምት ግን አይካፈልም። ከመሃል ሜዳ ተነስቶ ብቻውን የሚሄድ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ፕሩዞ ተቀይሮ ወጥቷል። ፋልካኦ አልመታም። አምበሉ ዲ ባርቶሎሜይ መጀመሪያ ሄደና አገባ፤ ኒኮል ስቶ ስለነበር ሮማ ቀደመ። ከዚያ ግሮቤላር በግቡ መስመር ላይ ጉልበቱን እንደ ሰካራም እያጥመለመለ፣ ኮንቲ ሰደደው፣ ግራዚያኒም የግቡን አግዳሚ አስነክቶ ላከው። 4 ለ 2 ለሊቨርፑል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ተከታይ ታሪክ አለ፤ ዲ ባርቶሎሜይ ከዚያ ምሽት ልክ 10 ዓመት በኋላ፣ ሜይ 30 ቀን 1994፣ ህይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ቀኖቹን አያይዞ «ያ ፍጻሜ ገደለው» ማለት ለጸሐፊ ይጥማል። እኔ አልለውም። የሰው ልብ ውስጥ ያለውን በአንድ ጨዋታ ውጤት መተርጎም ለሟቹም ክብር አይሆንም። በሜዳ ላይ ስለ እሱ እርግጠኛ ሆኜ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ሌሎች ወደ ኋላ ባሉበት ሰዓት ቀድሞ የሄደው እሱ ነው፤ አስገብቷልም። ከፍጻሜው አንድ ወር ሳይሞላ ደግሞ ሮማ የጣሊያን ዋንጫን ወሰደ። ስለዚያ ዋንጫ የሚያወራ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

ውርሱ የማን ነው?

በ1984 ሊድሆልም ወደ ሚላን ተመለሰ፣ ዲ ባርቶሎሜይም አብሮት ሄደ። ሮማ ላይ የተካው ሌላ ስዊድናዊ ነው፣ ስቬን-ጎራን ኤሪክሰን። ይህኛው የሚላን ቆይታ በዋንጫ ሲታይ ባዶ ነው። በ1987 ተሰናበተ፤ የውድድር ዘመኑን ፋቢዮ ካፔሎ ጨረሰው። በክረምቱ አሪጎ ሳኪ መጣ፣ ዞናን ከፕሬሲንግና ከጨዋታ ውጪ ወጥመድ ጋር አዋህዶ ዓለምን አስደነቀ። የእግር ኳስ ታሪክ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጠው እዚህ ጋ ነው፤ ሳኪ «አብዮተኛ» ተባለ፣ ሊድሆልም «ከሱ በፊት የነበረው» ሆነ።

ግን የሳኪን ቡድን ስም ጥሩ። ፍራንኮ ባሬሲ፦ የመጀመሪያ የሴሪ ኣ ጨዋታውን በኤፕሪል 1978 ያሰለፈው ሊድሆልም ነው። ፓኦሎ ማልዲኒ፦ በጃንዋሪ 1985 በ16 ዓመቱ ኡዲኔዜ ላይ ቀይሮ ያስገባው ሊድሆልም ነው። ካርሎ አንቼሎቲ፦ ከፓርማ መጥቶ በሮማ ዞናን የተማረው ከሊድሆልም ነው። ሳኪ ቤቱን ሰርቷል፤ ድንጋዩ ግን ተጠርቦ ጠብቆታል።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። «ሁሉም የመጣው ከሊድሆልም ነው» የሚል ክርክር «ሁሉም የመጣው ከሳኪ ነው» ከሚለው አይሻልም። ሳኪ የጨመረው ነገር እውነተኛ ነው፦ ሊድሆልም ተጋጣሚውን የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ሳኪ ሄዶ ያንቀዋል። በ1984 ሮም ላይ የጎደለው ይኸው ነበር። ሊድሆልም ኃላፊነትን ማካፈል አስተማረ፤ ሳኪ ጥድፊያን ጨመረበት። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው አይሞላም። ያለ መጀመሪያው ግን ሁለተኛው የሚሮጡ ሰዎች ስብስብ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ዋንጫ ቆጠራው የማይበቃኝ። እንደ አሰልጣኝ ሁለት ስኩዴቶ፣ ሶስት የጣሊያን ዋንጫ፤ ይህን ከካፔሎ ወይም ከአንቼሎቲ ጎን ስታስቀምጡት ትንሽ ነው። አሰልጣኝን ግን በሁለት መንገድ መጠየቅ እንችላለን፦ «ምን አሸነፍክ?» እና «ካንተ በኋላ ምን መስራት ተቻለ?» የመጀመሪያውን የሚመልስ ሰንጠረዥ አለ። ሁለተኛውን የሚመልሰው ጊዜ ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ከሰኞ እስከ ሰኞ ፍርድ እየሰጠን ጊዜ አንሰጥም። ዛሬ ሶስት ጨዋታ የተሸነፈ አሰልጣኝ በአራተኛው ይሰናበታል። ቀርፋፋውን አምበል ወደ ኋላ ወስዶ ተከላካይ የሚያደርግ፣ የ16 ዓመት ልጅ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ከአራት ጨዋታ በላይ ያስፈልገዋል።

በ2005 ኢስታንቡል ላይ የአንቼሎቲ ሚላን በሊቨርፑል በመለያ ምት ተሸነፈ። በሜይ 2007 አቴንስ ላይ ያው አንቼሎቲ፣ በአምበሉ በማልዲኒ፣ ያንኑ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። ሊድሆልም ያኔ 84 ዓመቱ ነበር፤ ፒየሞንቴ ውስጥ በኩካሮ ሞንፌራቶ ወይን እያመረተ ይኖር ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 5 አረፈ። ያ ድል የሱ በቀል ነው አልልም፤ ዋንጫው የአንቼሎቲ ነው። ግን በዚያ ምሽት ወንበር ላይ የነበረውም ሜዳ ላይ አምበል የነበረውም በልጅነታቸው ቦታ የሰጣቸው አንድ ሰው ነበር፤ ስኩዴቶ ባያሸንፍበትም ቦታ መስጠቱን ያልተወ ሰው።